ክዳኑ ላይ የተዘረጋው ጠረጴዛ

ሰኞ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

አሠሪዬ ማውሮ ዛሬም አስማለኝ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። «ስለ ጉድጓዱ ለማንም አትናገሪም። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞችሽም ቢሆን» አለኝ። አልናገርም አልኩት። ለማን እናገራለሁ? ከዚህ ግቢ የምወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው።

ጉድጓድ ይበለው እንጂ ጉድጓድ አይደለም። በየካቲቱ ነፋስ ትልቁ ጥድ ከነሥሩ ሲገነደስ መሬቱ ተከፈተና ከሥሩ አዳራሽ የሚያህል ባዶ ቦታ ወጣ። የጥንት ሮማውያን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበት ነው፤ ቺስቴርና ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር ግቢው ውስጥ ያገኘ ሰው ለቅርስ ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ማውሮ አላሳወቀም። አስጠርጎ፣ መብራት ሰቅሎ፣ ለሠርግና ለእራት ግብዣ ሊያከራየው ነው። ቢሮው ካወቀ ይታሸግበታል።

ስለዚህ አፉን ዘግቶ ጭቃ የሚዝቅ ሰው ፈለገ። እኔ ወንድሜን አመጣሁለት።

ጋሼ በቀለ ዛሬ ጀመረ። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አገር ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ በውሃ ሥራ የኖረ፣ ጉድጓድ ሲያስቆፍርና ሲያስጠርግ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ሮም መሀል፣ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳው ሕንፃ ፖሊስ በውሃ እየረጨ ካስወጣቸው ስደተኞች አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ወለል ላይ ይተኛል። እኔ ወደዚህ ስመጣ «የፈረንጅ ሽንት ልትጠርጊ ነው?» ብሎ የሸኘኝም እሱ ነው። አልረሳሁትም። ዛሬ በሩ ላይ ቆቡን አውልቆ፣ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠርጎ፣ «ልግባ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔን! ደስ አለኝ። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እንዳልረሳ፦
የሲኞራ የደም ግፊት መድኃኒት አልቋል።
ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚያበቃው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።
ማውሮ ኮንትራቶዬን፣ የሥራ ውሌን፣ አልፈረመም። ያለ ኮንትራቶ ደግሞ ፔርሜሶ አይታደስም። «የጉድጓዱ ሥራ ይለቅና» ይላል። ጉድጓዱንና የእኔን ወረቀት ምን አገናኛቸው? እሱ አገናኛቸው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

ሲኞራ ኢኔስ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ አልተነሱም። የማውሮ እናት ናቸው፤ የማስታምመው እሳቸውን ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው፣ አንደበታቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። ስሜ ሙሉ ነው ብዬ አሥር ጊዜ ብነግራቸውም «ሉሉ» ነው የሚሉኝ።

«ሉሉ፣ ጓሮ መሬት ውስጥ የሚገባው ሰውዬ ማነው?»
«ወንድሜ ነው፣ ሲኞራ።»
«አንቺን አይመስልም። እሱ ኩሩ ነው።»

ሰው ሁሉ ጃጅተዋል ይላቸዋል። ማውሮ በፊታቸው «ጭንቅላቷ ሄዷል» ይላል። እኔ ሁልጊዜ እከራከረዋለሁ። እናትህ ከሁላችንም የበለጠ ያያሉ እለዋለሁ።

ጋሼ የሚወርደው በአሉሚኒየም መሰላል ነው። እላይ ያለው ቀዳዳ ክብ ነው፣ ጥዱ ሸፍኖት የኖረው፣ ድሮ ውሃ የሚቀዱበት አፉ ነው። ስድስት ሜትር ይወርዳል። ጭቃውን በባልዲ ይሞላል፣ አትክልተኛው ሪኖ በገመድ ይጎትታል። ማውሮ ጋሼን «ኢንጅነር» ብሎ ይጠራዋል። እያሾፈ ነው። ጋሼ ደግሞ የማዕረጉን ይመስለዋል። ወይም እንደዚያ ማሰብ ይሻለዋል።

ሥራ ሲያበቁ ጋሼ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ጭቃ ነበር። መታጠቢያ ቤት ይጠቀም ብዬ ጠየቅኩ። «ምን በወጣኝ!» አለ ማውሮ፣ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ አንስቶ እሱ ራሱ ረጨው። እየሳቀ። ጀርባውን፣ ከዚያ ፊቱን። ጋሼ እንደ ግንድ ቆመ። ባለፈው ዓመት አደባባዩ ላይ ሲረጩትም እንዲህ ቆሞ ነበር ይሆን? ሪኖ ዞር አለ። እኔ ፎጣ ይዤ ቆምኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 4

ዛሬ ክፉ ነገር ሠራሁ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ክፉ ናት።

ማጠራቀሚያው ሁለት ክፍል ነው። ሁለተኛው ውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ አለ፤ ማውሮ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ሊያስመጣ ነው። ሞተሩ እዚያው ታች እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ እላይ ከተቀመጠ ድምፁ ለጎረቤት ይሰማል። ጋሼ ይህን ሲሰማ ባልዲውን ጣለ።

«ንገሪው» አለኝ፣ «ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ጭሱ አይታይም፣ አይሸትም። ልክ እንደዚህ ካለ ጉድጓድ ሁለት ሰዎች ሞተውብኝ አውጥቻለሁ። የተኙ ነበር የሚመስሉት። ንገሪው።»

ማውሮ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል።

ግማሹን ነገርኩት። «ሞተሩ እላይ ቢሆን ይሻላል ይላል» አልኩት። ስለ ሁለቱ ሰዎች ተውኩት። ማውሮ ሲቆጣ አውቀዋለሁ፤ ሲቆጣ ፊርማዬን ያቆያል፣ ሲያቆይ ወሩ ያልቃል።

«ፈራ እንዴ?» አለ። ጋሼ «ፓውራ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ፊቱ ጠቆረ።
«ሌላውን ነገርሽው?» አለኝ በአማርኛ።
«ነግሬዋለሁ።»


ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

ጾም ተፈታ፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው። ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ከተማ አልሄድኩም። እንቁላልና ሥጋ ጠብሼ ለጋሼ ይዤለት ወጣሁ። ማውሮ አልነበረም። ፓምፑ ነገ ነው የሚመጣው።

«ነይ ውረጂ» አለኝ። ፈራሁ። «ነይ እንጂ፣ እኔ አለሁ።»

ወረድኩ። መሰላሉ ይንቀጠቀጣል። ታች ስደርስ ቅዝቃዜው ከእግሬ ጀምሮ ያዘኝ። ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጎብጧል። ጋሼ መብራቱን ግድግዳው ላይ አበራ። ቀላ ያለ ልስን ነው። «የተወቀጠ ሸክላ ከኖራ ጋር ነው። ንኪው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቦታ አልተሰነጠቀም።» ማዕዘኖቹን አሳየኝ፤ እንዳይሰነጠቁና ቆሻሻ እንዳይዙ ተብለው ነው የተድበለበሉት አለኝ። ወለሉ መሀል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ዝቃጩ እዚያ እንዲጠራቀም ነው። ዝናቡ የሚገባበት፣ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ በሁለተኛው ክፍል ጥግ፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ አለ። «እኛ በስሚንቶ የሠራነው በአምስት ዓመቱ ያፈሳል» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው!

«ይሄን ሁሉ ጭቃ ያኔ ማን ነበር የሚጠርገው?» አልኩት።
«ባሪያ ነዋ። ሌላ ማን ይገባል?»

ሥጋውን ሁለታችንም ቆመን በላን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እኔ ሥራ ጠየቀኝ፤ ሲኞራን እንዴት አድርጌ ብቻዬን እንደማነሳቸው። በክንዴ አሳየሁት። «ጎበዝ» አለ። ከሰው አፍ ያገኘኋት ትልቋ ነገር ናት፣ በዚህ ዓመት።


ዓርብ፣ ሐምሌ 6

ጋሼ በሕይወት አለ። መጀመሪያ እሱን ልጻፍ።

ፓምፑ በጠዋት መጣ፣ በገመድ አወረዱት፣ ተነሳ። ጋሼ ሞተሩ እየሠራ አልገባም ብሎ እላይ ቆመ። ነገር ግን ቱቦው ጭቃ እየያዘ ይደፈናል። በተደፈነ ቁጥር ማውሮ «ኢንጅነር፣ ግባ!» ይላል። ገባ። ወጣ። ገባ።

አራት ሰዓት ላይ የበሩ ደወል ተደወለ። ከቅርስ ቢሮ ናቸው፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። ጎረቤት የአፈሩን ክምር አይቶ ጠቁሟል። ማውሮ ወደ ቀዳዳው ሮጦ «አጥፋ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ሞተሩን አጠፋ። ሊወጣ እጁን መሰላሉ ላይ ሲያደርግ ማውሮ መሰላሉን ሳበው። «አሥር ደቂቃ። ድምፅ እንዳታሰማ» አለው። ሪኖ የቀዳዳው ክዳን የሆነውን ሳንቃ ገጠመ። ማውሮ ዙሪያውን ተመለከተና የአትክልቱን ጠረጴዛ እዚያው ሳንቃው ላይ አስቀመጠ። ነጭ ጨርቅ አለበሰው። ወንበር ደረደረ።

«ሙሉ፣ የሚቀመስ ነገር አምጪ። ፈገግ በይ።»

አመጣሁ። ፕሮሹቶ የሚሉት የአሳማ ሥጋና ሜሎን። ቀዝቃዛ ነጭ ወይን። አሥር ደቂቃ ነው ብዬ ነበር። ግቢውን ዞሩ፣ አፈሩን አዩ። ማውሮ ለመዋኛ ገንዳ ብዬ ጀምሬ ተውኩት አላቸው። ፎቶ አነሱ። ተመልሰው ተቀመጡ። ሳቁ። ስለ ባሕር ዳርቻ አወሩ፣ ኦስቲያ በዚህ ወር አይኬድም ተባባሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። ሜሎኑን እኩል እኩል አድርጌ ቆረጥኩ።

ሲኞራን ጥላው ሥር አውጥቻቸው ነበር። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እንዴት ነዎት አለቻቸው።

ሲኞራ ኢኔስ ጠረጴዛውን እያዩ «ሰውዬውን አውጡት እንጂ» አሉ።
«የቱን ሰውዬ፣ ሲኞራ?»
«የሉሉን ወንድም። ከሥራችሁ ነው ያለው።»

ማውሮ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ዞራ እኔን አየችኝ። «እውነት ነው? ታች ሰው አለ?»

አፌ በራሱ ተናገረ። «ማንም የለም፣ ሲኞራ። እሳቸው ይቀላቅላሉ። ጭንቅላታቸው ሄዷል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሲኞራ አዩኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዱ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ጠረጴዛው ሲነሳና ሳንቃው ሲከፈት ጠራሁት። ዝም። ሪኖ ወረደ። ጋሼ ሁለተኛው ክፍል ጥግ ላይ፣ ዝናብ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ አፉን ደቅኖ ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ ነበር። ከዚያች ቀዳዳ ትንሽ አየር ይገባል። በገመድ አስረው አወጡት። አስመለሰው። የት እንዳለ የማያውቅ ይመስል ሰማዩን ያያል። ስሜን ጠየቅኩት፤ አላወቀውም።

«ወተት ስጪው» አለ ማውሮ። «አምቡላንስ ከጠራሽ ሁላችንም አለቀልን። አንቺ ደግሞ ከሁሉ በፊት።»

አልጠራሁም። ሪኖ ነው ዝም ብሎ በመኪናው ጭኖ የሄደው። የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ ፕሮንቶ ሶኮርሶው፣ በር ላይ አውርዶት ተመለሰ። እኔ ልሂድ ብል ማውሮ «ሲኞራን ማን ያበላታል?» አለ። ቀረሁ። ሳህኖቹን አጠብኩ። ጨርቁን አጠብኩ። የወይን ጠብታ ነበረው፣ በሎሚ አሸሁት፣ ለቀቀ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 7

ጠዋት ሆስፒታል ደወልኩ። በኦክስጅን ላይ ነው፣ ትናንት ማታ የታመቀ ኦክስጅን የሚሰጥበት የሕክምና ክፍል ውስጥ አስገብተውታል፣ ዛሬም ይደግሙታል። «የምተኛበት ቤት ከሰል አያይዤ ነው» ብሏቸዋል። በሐምሌ ሙቀት ከሰል! ነርሷ «እህቱ ነሽ? እውነቱን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ነኝ ያቋረጥኩት።

ማውሮ ኮንትራቶውን ፈርሞ አመጣ። ከነማኅተሙ። ስንት ወር የለመንኩትን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እንደ ጋዜጣ ወርወር አደረገው። «ቃሌን ጠበቅኩ። አሎራ፣ እንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጊልኝ። ከእናንተው። ከዚህኛው ጠንከር ያለ። ከሰኞ ጀምሮ።»

ፓምፑስ አልኩት።
«ፓምፑ ባለበት።»

ወረቀቱን አነሳሁ። አመሰግናለሁ አልኩ። እንዲህ ነኝ።

ሲኞራን ሳበጥር ፀጉራቸውን አጥብቄ ሳብኩት። «አይ!» አሉ። ደገምኩት። መስታወቱ ውስጥ አዩኝና፣ በጣም በለሆሳስ፣ «እኔ ልክ ነበርኩ፣ አይደል?» አሉ። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወጣሁ። ግማሹ ፀጉራቸው እንደተንጨባረረ ቀኑን ዋሉ።


እሑድ፣ ሐምሌ 8

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በምን ዓይኔ?

ሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ። ጋሼ ነጭ አንሶላ ላይ ሲታይ ጠቁሯል፣ አንሷል። ዛሬ ስሜን ያውቀዋል፤ ግን አልጠራኝም።

ብርቱካን ላጥኩ። አልበላም።

«ጋሼ፣ ለምን አልጮህክም? እዚያው ነበሩኮ። አንድ ጊዜ ብትጮህ ይሰሙህ ነበር።»

ጣሪያውን እያየ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ መለሰ፦

«እዚያ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሰማል። ወንበሩ ሲጎተት ይሰማል። ሹካው ይሰማል። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ ነው ያንቺ ድምፅ የመጣው። ‹ማንም የለም› አልሽ። ማንም ከሌለ፣ ታዲያ ማን ይጩህ?»

ፔርሜሶዬን ነገርኩት፣ ኮንትራቶውን ነገርኩት፣ ቀኑ ማለቁን። እየነገርኩት ድምፄ ለራሴ ደበረኝ።

«ተፈረመልሽ?» አለ።
«ተፈረመልኝ።»
«ቫ ቤኔ» አለ በጣሊያንኛ፤ ይሁን ማለቱ ነው። «እኔ ከሰል ነው ብያለሁ፣ አልቀይርም። ወረቀትሽን ያዢ። ከእንግዲህ ግን ጋሼ አትበይኝ። እህት አለኝ ብዬ ነው የወረድኩት።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በአውቶቡስ ሄጄ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወረድኩ። እግሬ ቪያ ቮልቱርኖ ወደሚባለው መንገድ ወሰደኝ፣ እዚያ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት ገባሁ። ለምን እንደሄድኩ አውቃለሁ። ሰው ልፈልግ ነው። እውነቱ ይኸው ነው። አጠገቤ አንድ ሰውዬ ብቻውን ሽሮ ይበላል፤ አርባ ቢሆነው ነው፣ ሸሚዙ ታጥቦ በእጅ የተስተካከለ። ስልክ ላይ ለሚስቱ «ደህና ነኝ፣ ሥራማ ሞልቷል» ሲል ሰማሁት። ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ የሰው ቤት ነው የምትሠሪው? ካምፓኛ፣ ገጠሩ አካባቢ፣ የጉልበት ሥራ የሚፈልግ ታውቂያለሽ? ምንም ቢሆን እሠራለሁ።»

«አውቃለሁ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስሙን እንኳ ጠይቄዋለሁ።

«አላውቅም» አልኩ። ተነስቼ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ለወንድሜ ያላለቀስኩት ለማላውቀው ሰው መጣ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 9

በጠዋት ሲኞራን አጠብኩ፣ ቁርሳቸውን አበላሁ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ። ፀጉራቸውን ቀስ ብዬ አበጠርኩ። ይቅርታ አልኩ። ለማበጠሪያው ይሁን ለዓርቡ አልጠየቁኝም።

«ትመለሻለሽ?»
«አላውቅም፣ ሲኞራ።»
«አትመለሺም» አሉ። እጄን ያዙ፣ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ለቀቁኝ። ሪኖን አጠገባቸው እንዲቀመጥ ለምኜ ወጣሁ። ልብሴን አልያዝኩም። ሻንጣ ካነሳሁ ማውሮ ያየኛል።

ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ የፖሊስ ክፍል አለ። አንድ ወፈር ያለ ሰው፣ የተሰበረ ማራገቢያ። አራተኛ ፎቅ ስለተኛው ሰው መናገር እፈልጋለሁ አልኩ። ከሰል አይደለም አልኩ።

ሁሉንም ጻፈ። ቀዳዳውን፣ ፓምፑን፣ መሰላሉን፣ ጠረጴዛውን። ረቡዕ ያልተረጎምኩትንም ነገርኩት። ካልነገርኩት ማን ይነግረዋል?

«ታች እንዳለ ታውቂ ነበር?»
«አውቅ ነበር።»
«ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ?»
«አዎ።»
«ምን ስትሠሪ ነበር?»
«ሳስተናግድ።»

መጻፉን አቁሞ አየኝ። ከዚያ ጻፈው። ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ። ስለ ፔርሜሶዬ ስጠይቀው «ጠበቃ ያዢ» አለ፤ «ሊጠቅምሽም ሊጎዳሽም ይችላል፣ እኔ የምለው የለኝም።» እየሰማሁት ስልክ አነሳና ቦታውን ተናገረ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሪኖ ደወለ። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ሁለት መኪና ግቢ ገብቷል። ማውሮ እኔን ሳይጠብቅ ሌላ ሰው ከአንድ ቦታ አምጥቶ ኖሯል፤ ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሰውዬው መሰላሉ ላይ ነበር፣ ሞተሩም ተነስቷል። አውጥተውታል። ደህና ነው፣ ቆሞ ውሃ ይጠጣል። የየት አገር ሰው ነው አልኩት። አላውቅም አለ። «ሲኞራ ከመስኮቱ ሲያዩ ነበር» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣሁ። በደረጃ ነው የወጣሁት፤ ሊፍቱ ቶሎ ያደርሳል።

ጋሼ ነቅቷል። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት። ተናገርኩ አልኩ። የዋሸኸውን አፈረስኩብህ አልኩ። ረቡዕ የነገርከኝን ለማውሮ አልነገርኩትም ነበር አልኩ፤ ይህን ጋሼ አያውቅም ነበር። ያንን ስል ዓይኑን ጨፈነ።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ዘግይተሻል» አለ።
«ለአንተ ብዬ አይደለም። ሌላ ሰው ሊያስገባ ነበር።»
«አስገባ?»
«አስገብቶ ነበር። ወጣ።»

ነርሷ ገብታ የጉሉኮሱን ከረጢት ቀይራ ወጣች። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ወንበር የለም። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ዛሬ የት እንደማድርም አላውቅም።

ጋሼ ዓይኑን ሳይገልጥ እግሩን ወደ ግድግዳው ሰበሰበ። የአልጋው ጫፍ ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ሆነ። እንድቀመጥ ይሁን፣ እግሩ ደንዝዞበት ይሁን፣ አላወቅኩም። አልጠየቅኩትም። ተቀመጥኩ።